የተቆረጡት አራት ደቂቃዎች

ከመጽሐፍ ላይ ገጽ ገንጥሎ የሚሄድ ተማሪ ጠላቴ ነው። በቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ዓይነት ጸባይ ችያለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚያንኮራፋውን፣ በመጽሐፍ ተከልሎ ቆሎ የሚቆረጥመውን፣ የተዋሰውን በዓመቱ የሚመልሰውን። ገጽ የሚገነጥለውን ግን አልችልም። አንዱን፣ ስለ በግ በሽታ ከሚያስረዳ መጽሐፍ ሦስት ቅጠል ቀዶ ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ ሲወጣ በር ላይ ይዤ፣ እንባው እስኪመጣ ሰድቤዋለሁ። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ይህን ገጽ ሲያጣ በጉን በምን ያድነዋል ብዬ ነበር የጮህኩበት። ያን ቀን አፌ እንዴት እንደተፍታታ ትዝ ሲለኝ ዛሬ አፍራለሁ።

ማሠልጠኛችን መካነ ሰላም ከተማ ጫፍ ላይ፣ ከባህር ዛፉ ተዳፋት በታች ያለ ትንሽ ግቢ ነው። የእንስሳት ጤና ረዳቶች ይሠለጥኑበታል። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል ሲሆን ሦስት ኮምፒውተር አለው፤ የሚሠራው አንዱ ነው። የቀዶ ጥገና መምህሩ አንድ ጠዋት መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠና ምሬቱን ዘረገፈው። የላም ሆድ አከፋፈት በጠመኔ እየሣለ እንደሚያስተምር፣ ተማሪዎቹ የተከፈተ ከብት በዓይናቸው ሳያዩ ተመርቀው እንደሚወጡ ነገረኝ። ነገር በዓይን ይገባል፤ ቪዲዮ ፈልጊልን አለኝ። የሚፈልጋቸውንም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። አንደኛው ተራ ላይ መውለድ ያቃታትን ላም በቀዶ ጥገና ማዋለድ ይላል። ሁለተኛው ፌስታል የበላች ላም ጨጓራ ከፍቶ ማውጣት ነው፤ ከዚያ እብጠት፣ የተሰበረ ቀንድ፣ የቁስል ስፌት እያለ ይወርዳል።

ችግሩ፣ ያኔ ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም። በጸጥታው ምክንያት ከተቋረጠ ወራት አልፎታል። በራችን ላይ የሚቀመጡት ጥበቃ፣ ሁላችንም አያ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ ወረቀቱን ሳነብላቸው ሳቁብኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ሃርድ ዲስኩን በሻርፕ ጠቅልዬ ደሴ ወረድኩ። ከአቀስታ በፊት፣ ብርዱ አጥንት በሚበላበት ሜዳ ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ሁላችንንም አወረዱን። ፈታሹ ዲስኩን አገላብጦ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የላም ቀዶ ጥገና ላመጣበት ነው አልኩት። ትንሽ አየኝ፣ ከኋላዬ የቆሙትን ሰዎች አየ፣ ከዚያ ያመማት ሴት መስዬው መሰለኝ ዲስኩን መለሰልኝ።

ደሴ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት ዋይፋይ ነበራት። ሦስት ቀን ከሶፋዋ ሳልነሳ ፈለግሁ። ዓለም ለካ ቀዶ የሚያክመው ውሻና ድመት ነው! አንድ ላም ለማግኘት አርባ ድመት አለፍኩ። ላም ሲገኝ ደግሞ ደም ስላለበት ዕድሜሽን አረጋግጪ ይለኛል፤ ፀጉሬ ሸብቶ ለአካለ መጠን መድረሴን ለስልክ ማስረዳት ነበረብኝ። አንዱ ከዳር እስከ ዳር በሙዚቃ ተሞልቷል። አንዱ የሐኪሙን ጀርባ ብቻ ያሳያል። ሌላው ላይ ደሙ ሲፈስ የሚቀርጸው ሰው ራሱን ስቶ ነው መሰለኝ ካሜራው ወድቆ ጣሪያ ሲያሳይ ያልቃል። በሦስተኛው ቀን ነው የአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሐኪም ቪዲዮ ያገኘሁት።

በረት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከላሟ አፍንጫ እንፋሎት ይወጣል፤ አገሩ እንደኛ ብርዳም ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ አይደለም፤ የሚያስረዳው ነገር ግን ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አንዲት ሴት ረዳቱ ዕቃ ታቀብለዋለች። ሥራውን ቀስ እያለ፣ እጁን ከካሜራው ፊት ዘወር እያደረገ ያሳያል። ላሟን በግራ ጎኗ ከፍቶ፣ ጥጃውን በኋላ እግሮቹ ስቦ አውጥቶ፣ ሰፍቶ፣ መጨረሻ ላይ ላሟ ቆማ ጥጃዋን ስትልስ ያሳያል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው። እንባዬ መጣ። የዝርዝሩን አንደኛ ተራ አገኘሁት ብዬ ለጓደኛዬ ጮህኩላት።

ስመለስ መምህሩ አልነበረም። ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ፤ በኋላም በዚያው ተዛወረ ሲባል ሰማሁ። ያመጣሁትን የሚያይልኝ ሰው አጣሁ። እኔ ቀዶ ጥገና አላውቅም፤ የማውቀው ማደራጀት ነው። እናም ማደራጀቴን ጀመርኩ።

የተማሪዎቻችን ስልክ ሚሞሪው ትንሽ ነው። መብራቱም ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል፤ ረጅም ቪዲዮ መቅዳት ተጀምሮ መሐል ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ ላሳጥራቸው ብዬ ወሰንኩ። ማንም አላዘዘኝም። ብልህነት መስሎኝ ነበር።

አያ ብርዱ ሲጠናባቸው ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ከጎኔ ይቀመጡ ጀመር። ቪዲዮዎቹን አብረን አየናቸው፤ አብረን ቆረጥናቸው ብል ይሻላል። የፈረንጁን ሽማግሌ በጣም ወደዱት። እጁን እስከ ክርኑ ሲታጠብ ሲታጠብ፣ «ወላሂ ይሄ ሰውዬ ለሶላት ነው የሚዘጋጀው» እያሉ ያስቁኛል። ከመጀመሪያው ሰላምታውን ቆረጥን። ማስታወቂያውን ቆረጥን። ከእጅ መታጠቡም ግማሹን ቆረጥን።

ወደ መጨረሻው ግድም፣ ማሕፀኑ ተሰፍቶ ከተመለሰ በኋላ፣ የላሟ ጎን ገና ሳይዘጋ፣ ሰውየው ሥራውን አቁሞ ይቆማል። ካሜራው ወደ መሬት ይዞራል። ሴቲቱ በደም የተነከሩ ጨርቆች አንድ በአንድ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ትዘረጋለች። ከሥር የሚጻፈው ጽሑፍ የለም። አያ ጥቂት ጠበቁና ታከታቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሰውየው ቆሟል፤ ሴቲቱ ጨርቅ ትለቅማለች። ቁረጪው» አሉኝ።

እየዘለልኩ ወደፊት ነዳሁት። አሁንም ጨርቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው መርፌውን አንስቶ ጎኗን መስፋት ጀመረ። መሐሉን ቆርጬ ከዚያ አስቀጠልኩት። አራት ደቂቃ ከምናምን ወጣለት። መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ የምንሞላው አንድ ረድፍ አለ፤ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ከሆነ «ጎዶሎ» ካልሆነ «ሙሉ» ብለን እንጽፋለን። ሙሉ ብዬ ጻፍኩ። ያልተቆረጠውን ከነዲስኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ዕቃ መጣል አልወድም።

ቪዲዮዎቹ እንደ ትኩስ ዳቦ ሆኑ። ከእኛ ተመርቃ ከከተማው በታች ባለው የእንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ልጅም መጥታ የማዋለዱን በስልኳ ቀዳች። ገበሬው መርፌ የያዘን ሁሉ ዶክተር ስለሚል እሷንም ዶክተር ይሏታል። ማኮላሸትና ቁስል መስፋት እጇ ገብቷል፤ ሆድ ከፍታ ግን አታውቅም። ምሳ ስትበላም፣ መንገድ ላይም ያንን ቪዲዮ ታያለች ብለው ባልደረቦቿ ይስቁባት ነበር።

አያ አንዲት ላም ነበረቻቸው። ሌላ ከብት የላቸውም። ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዳ ሦስት ልጆቿን ትታባቸዋለች፤ የልጆቹ ወተት ከዚያች ላም ነው። እርጉዝ መሆኗን ከነወሩ እናውቅ ነበር፣ በየቀኑ ይነግሩናልና። አንድ ጠዋት አያ ከበሩ ላይ ታጡ። ላሚቱ ከንጋት ጀምሮ ብታምጥ አልወለደችም የሚል መልእክት መጣ። ቁልፉን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቼ ሄድኩ።

ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ላሟ በግራ ጎኗ ተኝታ ታቃስታለች። ዶክተሯ ልጅ እጇን አስገብታ ሞክራ፣ ጥጃው ጠማማ ነው፣ በዚህ አይወጣም ብላለች። አንድ ጎረቤት ቢላዋ ይስላል። ማንም አልሰወረውም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። እኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ነገር ይስማማል፤ በክት አይበላም። ላሟ በሕይወት እያለች ከታረደች ቢያንስ ሥጋ ትሆናለች። መድኃኒት ተወግታ፣ ሆዷ ተቀዶ፣ ከሞተች ግን ሥጋዋም የለም። መዳኗን የሚመርጥ ሰው፣ ካልዳነች ሁሉንም እንደሚያጣ አውቆ ነው የሚመርጠው።

ልጅቷ አልዋሸችም። «አያ፣ እኔ ሠርቼው አላውቅም፤ ያየሁት በቪዲዮ ብቻ ነው» አለቻቸው።

«እኔም አይቼዋለሁ» አሉ አያ። «ተነስታ ጥጃዋን ልሳለች። በዓይኔ ነው ያየሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሁሉ አየኝ።

ቢላዋውን መልሱት፣ አትረዷት አልኩ። ማንም ባለሙያ ሳያደርገኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ አትረዷት ያልኩት እኔ ነኝ።

አገላበጥናትና በቀኝ ጎኗ አስተኝተን አሰርናት። ልጅቷ በምላጭ ላጨቻት፣ አጠበች፣ ማደንዘዣ ወጋች። እኔን ጎዝ ያቀብሉኝ አለችኝ፤ ደሙን የምትጠርግበትን ቁራጭ ጨርቅ ማለት ነው። ከጥቅሉ እያወጣሁ፣ እጇን ስትዘረጋ እያቀበልኩ ቆምኩ። የልጅቷ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቪዲዮውን በልቧ ደረጃ በደረጃ ትከተለዋለች። ማሕፀኑን ከፈተች፣ የኋላ እግሮቹን ይዛ ሳበች፣ ሁለት ሰው አገዛት፣ ጥጃው ወጣ። ሕይወት አለው። አያ አልሐምዱሊላህ ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጅቷ እልልታውን የሰማችም አይመስል፤ ማሕፀኑን ሰፋች፣ መለሰች፣ ቀጥላም የላሟን ጎን ሰፋች። መሐል ላይ አልቆመችም። ያየችው ቪዲዮ ላይ ማንም አይቆምም ነበርና።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ላሟ ተነሳች። እንደ ቪዲዮው ጥጃዋን ላሰች። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አምስት ቀን ደህና ነበረች። ከዚያ ሣር መብላት ተወች። ሆዷ ተነፋ፣ ትኩሳቷ ወጣ፣ ወተቷ ደረቀ። ልጅቷ ጠዋትና ማታ እየሄደች ትወጋታለች። አያ በሰባተኛው ቀን፣ ላርዳት ይሆን ብለው ጠየቋት። ይህ ሁሉ መድኃኒት ገብቶባት ሥጋዋ ለሰው አይሆንም አለቻቸው። እውነቷን ነበር። በማግሥቱ ሞተች። ጎረቤቶች በገመድ ጎትተው ወደ ገደሉ አፍ ወሰዷት።

ልጅቷ ምን እንደገደላት ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ አያን አስፈቅዳ ከፈተቻት። ሰው በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ከሩቅ ቆሞ ነበር። ስፌቷ ጥሩ ነው። ከስፌቱ ወደ ውስጥ ግን፣ መግል መሐል፣ የጭቃ መልክ ያለው ጎዝ አወጣች። አልደበቀችውም። ለአያ ይዛው ሄዳ፣ እኔ ረስቼው ነው አያ፣ ላምዎን የገደልኳት እኔ ነኝ አለቻቸው።

ይህን የነገሩኝ አያ ራሳቸው ናቸው፣ በማግሥቱ ሥራ ገብተው። «ልጅ ናት፣ ረሳች። ከአላህ ነው» አሉ። ከተማው ግን እንደሳቸው አልነበረም። ጨርቅ ሆድ ውስጥ የምትረሳዋ ተባለች። ከብት የታመመበት ገበሬ ክሊኒኩ ደርሶ እሷ መሆኗን ሲያይ ከብቱን ይዞ ይመለስ ጀመር።

በሳምንቱ ወደ እኔ መጣች። ከስታለች። «እትዬ፣ ቪዲዮውን ከእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ልየው። የእኔ ስልክ ላይ የዘለልኩት ቦታ ሳይኖር አይቀርም» አለችኝ። ከፈትኩላት። ሦስት ጊዜ አየችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ማሕፀኑ ተሰፍቶ ከመመለሱ መርፌው ጎኗ ላይ ሲያርፍ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ምስሉ ትንሽ ብልጭ ይላል፤ የእኔ ቢላዋ ያለፈበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ጨርቅ የምትለቅመዋ ሴት ትዝ አለችኝ።

«እዚህም የለም» አለች። «እነሱ አላሳዩም። እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ።» አመስግናኝ ወጣች። ቁም ሣጥኑ ከጀርባዬ ነበር፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ለራሴ የማልነግረው ምክንያት አልነበረም፤ ምናልባት እዚያ አራት ደቂቃ ውስጥ ምንም የለም፣ ሙሉውን ብታይም ትረሳው ነበር፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። በዘጠነኛው ቀን ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁ።

ሴቲቱ ጨርቆቹን ትዘረጋለች። እየጠቆመች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች። ቋንቋውን ባላውቀውም ቁጥር መሆኑን ማንም ያውቃል። አሥራ አንድ ጨርቅ። ከጎኗ ያለ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አሥራ ሁለት ነው። እንደገና ቆጠረች። አሥራ አንድ። ሽማግሌው እጁን እስከ ትከሻው ላሟ ውስጥ መለሰ፣ ቀስ ብሎ ዳሰሰ፣ ቆየ፣ ቆየ። አንዲት ቀይ ጨርቅ ይዞ ወጣ። ሴቲቱ ተቀብላ ከአሥራ አንዱ አጠገብ ዘረጋቻት።

«የኛ ፈረንጅ ነው እንዴ?» አሉ አያ። ድምፁን ሰምተው ገብተው ከኋላዬ ቆመዋል፤ አላየኋቸውም። አልዘጋሁትም። ወደ ኋላ መለስኩና ከመጀመሪያው አሳየኋቸው። እስኪያልቅ በትራቸውን ተደግፈው አዩት።

«ይቺ ናት ቁረጪው ያልኩሽ» አሉ በመጨረሻ።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ አያ፣ ሳላየው ነው የቆረጥኩት አልኳቸው። ማልቀስ ጀመርኩ።

«ልጅቱ ታውቃለች?»

አታውቅም አልኩ።

ያን ያህል ጊዜ ሳውቃቸው ፊታቸው ሲጠቁር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ላሚቱ ስትሞትም እንዲህ አልሆኑም። «የኔስ ሄዳለች። የሰው ልጅ ስም እየበላሽ እንዴት ታድሪያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱና ወንበራቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

መዝገቡ ላይ ሙሉ ያልኩትን ሰርዤ ጎዶሎ ብዬ ጻፍኩ። ያልተቆረጠውን በፍላሽ ይዤ በእግሬ ወደ ክሊኒኩ ወረድኩ። ልጅቷ ብቻዋን ነበረች፤ በረንዳው ላይ የሚጠብቅ ከብት የለም። ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት፤ አላሳመርኩትም። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። የክሊኒኩን አሮጌ ላፕቶፕ አወጣችና ፍላሹን ሰካች።

አራቱን ደቂቃ ሳትነቃነቅ አየች። ሴቲቱ አሥራ ሁለተኛውን ስትዘረጋ አቆመችው። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴት አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ያን ቀን ጎዝ ሲያቀብሉኝ የነበሩት እርስዎ ነበሩ። ስንት ነበር የሰጡኝ?»

አልቆጠርኩም አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሳ፣ ከመሳቢያው ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ፣ ከሴቲቱ ጋር ከአንድ ጀምራ መቁጠር ጀመረች።